ውሃ ከልካይ ጋ ወራጅ አለ

ቡታጅራ ስገባ ባጃጅ ይዤ እናቴ በር ድረስ መሄድ እችላለሁ። አልሄድም። ሁልጊዜ ወፍጮ ቤቱ ጋ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ነው የምገባው፤ ዝናብ ቢሆን፣ ሻንጣ ብይዝ፣ ከወልቂጤ መኪና ስቀያይር ውዬ ወገቤ ቢቆረጥም። ምክንያቱ አንድ ነው። በሯ ላይ ለመውረድ የመንገዱን ስም ለሹፌሩ መጥራት አለብኝ፤ እኔ ደግሞ ያንን ስም ከአፌ ላላወጣ ገና ተማሪ ሳለሁ ምያለሁ።

ስሙ ውሃ ከልካይ ነው።

ሹፌሮቹ ክፋት የለባቸውም። «በርበሬ ተራ፣ ወፍጮ ቤት፣ ውሃ ከልካይ!» እያሉ ሲጣሩ ለእነሱ ሦስቱም እኩል ናቸው። በርበሬ ተራ በርበሬ ይሸጥበታል። ወፍጮ ቤት ወፍጮው ከተነቀለ ቆይቷል፣ ስሙ ግን አለ። ውሃ ከልካይ ደግሞ ውሃ የከለከለች ሴት የነበረችበት መንገድ ነው፤ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች የሰፈሩ ነባር ሁሉ ያውቃል። እናቴ ናት። ዛሬም እዚያው መንገድ ላይ፣ እዚያው ቤት ውስጥ አለች። ጠዋት ጠዋት ደጇን ስትጠርግ ባጃጆቹ ፊቷ ቆመው «ውሃ ከልካይ ወራጅ አለ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ይህን የምጽፈው ከሐዘን እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው።

እናቴ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለችም። አባቴ መምህር ሆኖ ሲመደብ ከሰሜን ተከትላው መጣች፤ እሱ ታሞ ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልለየሁም ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰፈሩ አልጣላትም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ እድር ውስጥ ነው፤ አባቴን ቀበሩላት፣ ድንኳን ጥለው አብረዋት ተቀመጡ፣ ሐዘኑ ሲበርድ ደግሞ ይህች ሴት በምን ትተዳደር ብለው ተመካክረው የሰፈሩን ቦኖ አስረከቧት። ሐሳቡን ያመጣው የቦኖው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፤ ረጅም፣ ባርኔጣ ከራሱ የማይለይ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ሰው። ውሃውንም ለሰፈሩ ያስገባው እሱ ነው፣ ደጅ ጠንቶ፣ ከዚህም ከዚያም ለምኖ። ይህን አልክደውም።

ቦኖው አራት ቧንቧ የወጣለት የሲሚንቶ ግድግዳ ነበር፣ ከላዩ ቆርቆሮ ለብሶ። ውሃው የሚወርደው ዳገቱ ላይ ከተሠራ፣ በሞተር ከሚሞላ ማጠራቀሚያ ነው። እናቴ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። እኛ ሰፈር ሰው አይሰለፍም ነበር፤ የሚሰለፈው ጀሪካኑ ነው። እያንዳንዱ ጀሪካን እጀታው ላይ የባለቤቱ እራፊ ጨርቅ ይታሰርበታል። ሴቶቹ አሰልፈውት ወደየሥራቸው ይሄዳሉ፤ እናቴ ቀዩ እራፊ የማን፣ አበባማው የማን እንደሆነ በልቧ ይዛ ተራው ሲደርስ ሞልታ ታስቀምጥላቸዋለች። ወረፋ የማይጠብቀው የለቅሶ ቤት ጀሪካን ብቻ ነው። እሱ ክዳኑ ተፈትቶ ነው የሚመጣው፤ ክዳን የሌለው ጀሪካን ያየ ሁሉ የራሱን ወደ ጎን ይስባል። ማንም አያጉረመርምም። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀው ነበር።

ያን ቀን ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦኖው ተቆልፏል። ጀሪካኖቹ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰልፈዋል፤ ሴቶቹ ወደየቤታቸው መሄዱን ትተው ቆመው ይጨቃጨቃሉ። እናቴ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ሞተሩ ተበላሽቷል ትላለች። ውሸት መናገር አታውቅበትም፤ ዓይኗን ሰው ላይ ማሳረፍ አቅቷት መሬት መሬቱን ታያለች። ደግሞም ሦስተኛው ቧንቧ ሥር፣ መገጣጠሚያው ላይ፣ ከድሮም ጀምሮ የሚያፈስ ቦታ ነበረ፣ ያን ቀንም እንደ ወትሮው ይንጠባጠባል። አንዷ ወደዚያ እየጠቆመች ሞተሩ ከተበላሸ ይህ ከየት መጣ አለቻት። 

ዶሮዎች ከሥሩ የተጠራቀመውን ሊጠጡ መጡ። እናቴ ተነስታ አባረረቻቸው። ተመለሱ፤ አሁንም አባረረቻቸው። ኋላ አፈር በእጇ እየዛቀች ውሃውን ደፈነችው። ሴቶቹ ይህን ሁሉ ቆመው አዩ። አንዷ በጉራጊኛ የሆነ ነገር አለች፣ ሌሎቹ ሳቁ። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም።

ከዚያ ክዳናቸው የተፈታ ጀሪካኖች መጡ። በመንገዱ ጫፍ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጠዋት አርፈው ኖሯል። በሙስሊሞቹ ዘንድ ሬሳ አይቆይም፤ ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ በዕለቱ ይቀበራል። ልጃቸው ያኔ ጎልማሳ የበርበሬ ነጋዴ ነበር፤ ስምንት ጀሪካን አስይዞ ራሱ መጣ። ሰልፉ ወዲያው ተከፈለለት። እናቴ ፊት ቆሞ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «እትዬ፣ ለአባቴ ማጠቢያ ነው» አላት።

እናቴ የለም አለችው። ሰውየው ያልሰማችው መስሎት ደገመላት። እሷ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጡቷ ሥር ሸጎጠችውና እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። እኔ ደብተሬን ታቅፌ ቆሜ ነበር። ሰውየው አልተሳደበም። ጀሪካኖቹን እያንዳንዳቸውን ተቀብሎ ከቦኖው ፊት ለፊት፣ አፋቸው እንደተከፈተ፣ አስተካክሎ ደረደራቸውና ሄደ። ውሃው ከወንዝ በአህያ ነው የመጣው። ሽማግሌው የተቀበሩት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው።

ስምንቱ ጀሪካኖች ሁለት ቀን እዚያው ቆሙ። ማንም አላነሳቸውም። በሦስተኛው ቀን ሰብሳቢው መጥቶ ከእናቴ ጋር ጥቂት አወራና ቦኖው ተከፈተ። ሰው መቅዳቱን አልተወም፤ ሌላ ውሃ ከየት ያመጣል? ለሬሳ የከለከለች፣ ለዶሮ እንኳ የከለከለች ተባለች። መጀመሪያ «ውሃ ከልካይዋ ጋ ልቅዳና ልምጣ» ነበር፤ ከዚያ ቦኖው ራሱ ውሃ ከልካይ ሆነ፤ ከዚያ ሰፈሩ፤ አስፋልት ሲመጣም መንገዱ። በኋላ ለየቤቱ ቧንቧ ሲገባ ቦኖው ፈረሰ፣ ቦታው ላይ ሳሙናና የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ኮንቴይነር ተቀመጠ። ስሙን ግን ያፈረሰው የለም። ስም ይወጣል ከቤት ይቀበላል ጎረቤት ይላሉ። የእኛ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙን ያወጣው ጎረቤት ነው፣ መቀበል የእኛ ቤት ፈንታ ሆነ።

ትምህርት ቤት የውሃ ከልካይ ልጅ ነበርኩ። ልጆች ውሃ ሲጠጡ ጠርሙሳቸውን ከእኔ ይደብቁ ነበር፤ እንዳልከለክላቸው ነው ቀልዱ። ሁለቱን ደብድቤያለሁ፣ አንዷን ነክሻለሁ። አስተማሪዎቹ ቁጡ ልጅ ነች እያሉ እናቴን ያስጠሯታል፤ እሷም ቀሚሷን አስተካክላ መጥታ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የምናደደው በልጆቹ ብቻ አልነበረም። በእሷም ነበር። ያን ቀን በዓይኔ ያየሁት ነገር ነውና አምኜ ነበር። የገዛ እናቴ ክፉ ሴት ናት ብዬ፣ የጋገረችውን እየበላሁ፣ ጎኗ እየተኛሁ ነው ያደግሁት።

ለእኛ ደግ ነው የምለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሰብሳቢው። እናቴን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የሚሰግድላት፣ እንደዚያ ለሌላ ሰው ሲያደርግ አላየሁም። በየመስቀሉ ሥጋና ቡላ ይልክልናል። የዘጠነኛ ክፍል ዩኒፎርሜን የገዛልኝ እሱ ነው። ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው እል ነበር። እናቴ የላከውን ትቀበላለች፣ ታመሰግናለች፣ ሥጋውን ለእኔ ትሠራልኛለች፤ እሷ ግን ስትቀምሰው አይቼ አላውቅም። እግዜር ይይለት፣ ሥጋውን የጨረስኩት እኔ ነኝ።

ሰብሳቢው የሞተው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እናቴ ያን ሰሞን ወልቂጤ እኔ ዘንድ ነበረች። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ፈተና አርማለሁ፣ እሷ በስልክ መርዶውን ሰማች። ለሰፈሩ ውሃ ያመጣ ሰው እየተባለ፣ መንገድ ሙሉ ሰው ተከትሎት እንደተቀበረ ነገሯት። ስልኩን አስቀምጣ፣ «ልጄ፣ ክሎሪን የሚሉት መድኃኒት ሲበዛ ሰው ይገድላል እንዴ?» አለችኝ።

እርማቴን ሳልተው መለስኩላት። መጠኑ ነው የሚወስነው፣ በጣም ከበዛ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሆድ ይጎዳል፣ ሕፃን ከሆነ ደግሞ የባሰ ሊመጣ ይችላል አልኳት። ተማሪ የጠየቀኝ ያህል ነበር። እሷ ተነፈሰችና «እንግዲያው ደግ አድርጌያለሁ» አለች። ያኔ ነው ቀና ያልኩት።

ሳልጠይቃት ነገረችኝ። በዚያን ዕለት ጠዋት፣ ገና ማንም ሳይቀዳ፣ ሰብሳቢው እየሮጠ መጣ። በዋዜማው ማጠራቀሚያው ታጥቦ ነበር፤ ሥራውን የሰጠው ለገዛ ዘመዱ ነው፣ ዘመዱም መድኃኒቱን በመጠን እንደመጨመር በርሜሉን እንዳለ ገልብጦታል። ሰብሳቢው ዳገቱ ላይ ወጥቶ ሽታው ሲመታው ነው ያወቀው። ቆልፊ፣ ውሃው ተደፍቶ እስኪለወጥ አንዲት ጠብታ እንዳይወጣ አላት። ሞተሩ ተበላሽቷል በዪ፣ እውነቱን ከተናገርሽ ሕዝቡ መረዙን ብሎ እኔንም አንቺንም ይበላናል፣ ቦኖውም ይወሰድብሻል አላት። አስማላት። በምን እንደማለች ስትነግረኝ ድምፏ አልተለወጠም። በእኔ ነው የማለችው። ብናገር ልጄን ይንሳኝ ብላ። መሐላ በእሷ ዘንድ ቀልድ አይደለም፤ አንድ ባል ቀብራ አንዲት ልጅ የቀረቻት ሴት ናት።

የማይገባኝ ነገር ነበረና እንደ አስተማሪ ሞገትኳት። ሬሳ ክሎሪን ምን ያደርገዋል፣ ለዚያ ሰውዬ እንኳ ብትሰጪው ምን ነበረበት አልኳት። ሞኝ መሆኔን በሚናገር ዓይን አየችኝ። «አጣቢዎቹ እኮ በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። «ደግሞ ስምንት ጀሪካን ለአንድ ሬሳ አያልቅም። የተረፈውን ውሃ ማን ይደፋዋል? ለለቅሶኛ ነው የሚሰጠው። ልጆች ነበሩ እዚያ ቤት።» ዶሮዎቹንም ለዚያው ነው ያባረረቻቸው፤ ዶሮ እዚያው ቢሞት ወሬው ይወጣል ብላ፣ ደግሞም አሳዝነዋት።

ያን ሁሉ ዓመት ትክክል ትሁን ስሕተት ሳታውቅ ነው ስሙን የተሸከመችው። ሰውየውን አመነችና ቆለፈች፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንኳ ያስተኛት አይመስለኝም። ሰብሳቢው ደግሞ በየቀኑ በዚያ መንገድ ሲያልፍ ስሙን ይሰማል። አንድ ቃል ቢናገር ያበቃ ነበር። ሥጋ ላከልን።

ያኔውኑ ተነስቼ ቡታጅራ ሄጄ በመቃብሩ ላይ ልጮህ ፈለግሁ። እናቴ እጄን ይዛ ሙት ወቃሽ እንዳትሆኚ አለችኝ። ልጆች አሉት፣ እነሱ ምን አደረጉ አለችኝ። ቃል አስገባችኝ። እኔም እያረርኩ ዝም አልኩ፤ ዝምታው በዘር የሚተላለፍ ይመስል።

ባለፈው ዓመት የእናቴ ጎረቤት ደወለችልኝ። መንገዶች ስም ሊሰጣቸው፣ ታፔላ ሊቆምላቸው ነው፤ ፎርም የያዘች ልጅ ከማዘጋጃ እየዞረች ነው፤ የእኛው ምሰሶ እናትሽ አጥር ጥግ ሊተከል ጉድጓዱ ተቆፍሯል አለችኝ። ስሙስ አልኳት። ሰው የሚያውቀው ስም ይጻፍ ተብሏል አለችኝ። ማለት ውሃ ከልካይ የሚል ብረት፣ እናቴ በየጠዋቱ የምትጠርገው ደጅ ላይ። እስካሁን በሰው አፍ ላይ ነበር፤ ሰው ደግሞ ይሞታል፣ ይረሳል። ብረት አይረሳም። ለሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ።

ስብሰባው እሑድ ከሰዓት በእድሩ ቤት ነበር። ሰፈሩ የመረጣቸው አምስት ሰዎችና ፎርሟን የያዘችው ልጅ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ያ የበርበሬ ነጋዴ አለ፤ ዛሬ ሐጂ ናቸው፣ ጢማቸው ነጭ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ። ፎርሙ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ነባር ስያሜ፣ የስያሜው አመጣጥ። በሁለተኛው ላይ ልጅቷ ባማረ የእጅ ጽሑፍ «በአንድ ወቅት ለሬሳ ማጠቢያ ውሃ የከለከለች ሴት ስለነበረች» ብላ ጽፋ አየሁት። ማን እንደነገራት መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ቃሌን ጠብቄ ጀመርኩ። በሕይወት ያለች አሮጊት ናት፣ ነውር ነው፣ ሌላ ስም ስጡት ብቻ አልኩ። ተቁነጠነጡ። አንዱ ታሪክ አይሰረዝም አለ። ሌላው ደግሞ ስሙን የሰጠው ሕዝቡ ነው፣ ኮሚቴው አይደለም አለ። አንድ ጡረተኛ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይህች ልጅ እውነት አላት፣ ስሙ ደስ አይልም፣ ታዲያ ለምን ለዚህ ሰፈር ውሃ ባመጡት በሟቹ ሰብሳቢያችን ስም አንሰይመውም አለ። ሁሉም ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ፎርም የያዘችው ልጅ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ቆሜ እንደነበር አውቃለሁ፣ ጠረጴዛውን መምታቴንም ነግረውኛል። ሁሉንም ተናገርኩ። በርሜሉን፣ ዘመዱን፣ መሐላውን፣ ዶሮዎቹን። ሙት ወቃሽ እንዳትሆኚ ብላኝ ነበር፤ ሕያው ወቃሽ የሆነ ሰፈር ፊት ሙት ላለመውቀስ ስል እናቴን በቁሟ ልቀብር አልችልም አልኩ። የሰብሳቢው ልጅ እዚያ አልነበረም፤ ቢኖርም አልተውም ነበር። እናቴ ግን ትተው ነበር፤ እሱን አውቃለሁ።

ስጨርስ ሐጂው መቁጠሪያቸውን ይዘው ወለሉን ያያሉ። ቀና ሳይሉ፣ «ያኔ ለምን አልነገረችኝም?» አሉ። ድምፃቸው የተቆጣ አልነበረም፤ የተጎዳ ነው።

«ጠይቀዋት ነበር?» አልኳቸው።

 ከለከለችኝ እኮ፣ የከለከለኝን ሰው ምን ብዬ እጠይቃለሁ አሉ። መልሳቸው ይህ ነበር። አባታቸው ቤት ውስጥ ተጋድመው ነበርና አልፈርድባቸውም እላለሁ፤ ግን እፈርድባቸዋለሁ። ከዚያን ቀን በኋላ ስንት ዓመት ነበራቸው? በየቀኑ በሯን እያለፉ ነው የኖሩት።

ኮሚቴው ተመካከረ። ውሃ ከልካይም ይቅር፣ የሰብሳቢውም ይቅር፣ ሰላም መንገድ ይባል አሉ። ለአመጣጡስ ምን ልጻፍ ብላ ልጅቷ ጠየቀች። እውነቱን ጻፊ አልኳት፣ አንዲት ሴት ሰፈሩን ከተበላሸ ውሃ ያዳነችበት ቦታ ብለሽ። ጡረተኛው ተቃወመ፤ እሱ ነገር ያስነሳል፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ ያጣላል አለ። «በነዋሪው ስምምነት» ተብሎ ተጻፈ። እናቴን ሲያዋርድ ታሪክ አይሰረዝም ያለው ሰው ራሱ ነው በደስታ እጁን ያወጣው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ያየሁት ሲጠራ ሳይሆን በሰላም ስም ሲለሰን ነው።

ሐጂው ግን ታፔላው ከተተከለ በሳምንቱ መጡ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ብቻቸውን። እናቴ በረንዳ ላይ ወንበር አወጣችላቸው። እኔ ልጠይቃት መጥቼ ነበር፤ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬው ዋጋ አወሩ፤ ከዚያ ቆሙና «አፉ በይኝ» አሏት። እናቴም ከተቀመጠችበት ለመነሳት እየታገለች አፉ ብያለሁ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር አለቻቸው። ሁለቱም አለቀሱ መሰለኝ። በቃ፣ አንድ ሰው እንኳ ተገኘ ብዬ ልቤ ሊለሰልስ ነበር። ሐጂው ከበሩ ወጥተው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የልጅ ልጃቸውን ና ውሰደኝ አሉት። የት ነህ ብሎ ጠይቋቸው ይሆናል። «ውሃ ከልካይ» አሉት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አዲሱ ታፔላ ከራሳቸው በላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ታፔላውን ፀሐይ እያነጣው ነው። ሰላም መንገድ ብሎ የሚጠራው አንድም ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ከእኔ በቀር።

ባለፈው ክረምት እናቴን ለጉልበቷ ሐኪም ጋ ወስጃት ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። ቆመን የነበረው ገበያው አጠገብ ነው። ከወፍጮ ቤቱ በእግር ልውሰዳት ብል አትችልም። አንድ ባጃጅ አስቆምኩ፤ ሹፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው፣ ከጎረቤት ከተማ ከቆሼ ከመጣ ወሩ እንደሆነና ከተማውን ገና እየለመደ መሆኑን ሳንጠይቀው ነገረን። የት ላድርሳችሁ ሲለን ሰላም መንገድ አልኩት። አያውቀውም። ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ታፔላ አለው አልኩት። ግራ ተጋባ። ኮንቴይነሩን፣ አጥሩን፣ ዋርካውን ሁሉ ነገርኩት፤ ስሙን አልጠራሁም። እናቴ እርጥብ ነጠላዋን ሰብስባ ታየኛለች።

ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል አለችና የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገችው። «ውሃ ከልካይ ነው የምንወርደው የኔ ልጅ» አለችው።

እንዲህ አይሉኝም ታዲያ ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ስንት ጊዜ እንደዚያ ብላ ተሳፍራ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ገበያ በሄደች ቁጥር፣ ቤተ ክርስቲያን በሄደች ቁጥር፣ እኔ ወፍጮ ቤቱ ጋ ወርጄ ክብሬን ይዤ በእግሬ ስገባ፣ እሷ በገዛ አፏ ስድቧን ጠርታ ነው ቤቷ የምትገባው። ሌላ አድራሻ የላትም። ደሜ ፈላ፣ የምቆጣው ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም።

ወፍጮ ቤቱን ስናልፍ ሹፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል፣ ሴትዮዋ የምር ውሃ ከልክላ ነው እንዲህ የተባለው አላት።

አዎ፣ ከልክላ ነው አለችው እናቴ።

«ለምን ከለከለች?» አላት።

እናቴ አፏን ከፍታ ትንሽ ቆየች፣ አልሰማችው ይሆን ብዬ ልደግምላት ነበር። ከዚያ ውሃው ተበላሽቶ ነበር አለችው። ሰው እንዳይጎዳ ብላ ነው አለችው።

ሹፌሩ እንደዚያ ከሆነማ ደግ ሴት ነበረች አለና ኮንቴይነሩን አልፎ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ ስትወርድ ትስቃለች፣ ጉልበቷን ረስታዋለች። እኔ ከባጃጁ መውረድ አቃተኝ። ሰውየው ይህችን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ከወፍጮ ቤቱ እስከ በራችን ያለው መንገድ በቅቶታል። እኔ እዚያ መንገድ ላይ ነው ያደግሁት።